ግድ የለም

ታርቱ ላይ በረዶ ሲወርድ ሰው ድምፁን ይቀንሳል፤
የእኔ ጆሮ ግን ይብሳል።
አርባ ዓመት ፒያኖ ስቃኝ ኖሬ
ትንሿ ዝንፈት ትቆረቁረኛለች እስከ ዛሬ፣
እንደ ጠጠር በካልሲ፣ እንደ አልጋ ውስጥ ፍርፋሪ፤
ሳልሜ ትለኝ ነበር፦ "አንተ እኮ የሰው ሁሉ መርማሪ።"

እሷን ከቀበርኩ በኋላ ሐኪሜ አንድ ወረቀት ሰጠኝ፤
"ረቡዕ ማታ እዚህ ሂድ" አለኝ።
የቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት፣ ስምንት የፕላስቲክ ወንበር፣
የቦት ጫማ ኩሬ በበር፤
ኡርቬ፣ አስተማሪያችን፣ ሹራቧ ክርኑ ላይ የሳሳ፣
"ዓይን ጨፍኑ፤ ትንፋሽ ቁጠሩ" ትላለች ድምፅ ሳታነሳ፤
"አሥር ሲሞላ ደግሞ እንደገና ከአንድ ጀምሩ።
ሐሳብ ቢመጣም ይምጣ፤ ወንበር አትሳቡለት፣ በሩንም አትወርውሩ።"
እኔ ሦስት ላይ ስደርስ የማሞቂያው ቧንቧ ያፏጫል፣
ከልኩ ግማሽ ድምፅ ወርዶ። ይህን ማን ይችላል?

ከዚያ ደግሞ የቤት ሥራ፣ በስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ!
"ግድ የምትሉትን ጻፉ።" ጻፍኩ እንግዲህ ከቤቴ።
ጎረቤቴ ሄይኖ ደረጃውን ይጥረግ፣ ግድ፤
በተራው፣ በማለዳ፣ በረዶው ሳይጋገር፣ ሰው ሳይሄድ።
ሦስት ቁጥር አውቶቡስ በሰዓቱ ይምጣ፣ ግድ።
ልጄ ሊስቤት ከኦውሉ እሑድ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ትደውል፣ ግድ፤
አሥር ደቂቃ ብታሳልፍ አባቷን እንደ ረሳች ይቆጠር።
ገጹ ሞላ፤ ገለበጥኩት፤ አላለቀም የእኔ ነገር።

ኡርቬ አየችው፤ አልሳቀችም፤ እርሳስ አቀበለችኝ፦
"እያንዳንዷን 'ግድ' ሰርዘህ 'ቢሆን ደስ ይለኛል' በልልኝ።"
ይኸው ነው? ለዚህ ነው ስምንት ሰው በብርድ የመጣው?

ሰረዝኩ። ሄይኖ ቢጠርግ ደስ ይለኛል። (እውነት ነው፣ ደስ ይለኛል።)
አውቶቡሱ ቢመጣ ደስ ይለኛል።
ሊስቤት ብትደውል... እዚህ ላይ እርሳሱ ከብዶኛል፣
ግን ጻፍኩት።
የመጨረሻው መስመር ነው፣ በደቃቅ ፊደል ከግርጌ፣
"ሳልሜ ከእኔ ቀድማ መሞት አልነበረባትም፣ ግድ" ይላል።
እሱን በምን ልተካው? "ባትሞት ደስ ይለኝ ነበር" ይባላል?
ደብተሩን ዘጋሁ፤ ኮቴን ከክምሩ ፈልጌ
ደህና እደሩም ሳልል ወጣሁ።

በማግስቱ የአንድ ትምህርት ቤት ፒያኖ፣ እርጥበት የበላው፣
አንዱ ክር ከርሮ ከርሮ ለመበጠስ አንድ ሐሙስ የቀረው፤
የቀድሞ ቃኚ ሥራ ነው፤ ምናልባትም የራሴ፣ በጉልበቴ ዘመን።
ሲከር ይበጠሳል ይላሉ፤ ሌላውን ግን ማንም አይለው፦
ፈጽሞ የላላም አይዘምርም፤ ሽቦ ብቻ ነው።
ቁልፉን አስገብቼ በፀጉር ስንጥቅ ልክ መለስኩት፤
በእጄ ሳይሆን በጆሮዬ ጠበቅሁት፤
አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት፣ ሦስት... ማሞቂያው አላፏጨም፣
ወይም አፏጭቷል፤ እኔ ዘንድ አልመጣም።
ስድስት ላይ ነበርኩ ክሩ እፎይ ሲል።
ሰባት አልኩ፣ ለሳልሜ። ስምንት።
የጽዳት ሠራተኛዋ ዓይኔን አየችና
ባልዲዋን ሳታንኳኳ ወጣች።

እሑድ። አሥራ ሁለት ሰዓት። ስልኩ ዝም።
አሥራ ሁለት ከሩብ። ዝም።
ሆዴ ውስጥ ክር ሲጠብቅ ሰማሁ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፤
በመስኮት ወንዙን ሳይ
ቆዳው በረዶ ነው፤ ከሥር ግን ሳያስፈቅድ ይሄዳል።
እኔው ደወልኩ።
"አባዬ፣ የልጁን ፀጉር እያጠብኩ ነው፣ ሳሙና ዓይኑ ገብቶ..."
ልጁ ከኋላዋ ይጮኻል፣ ምንም ያልተዛነፈ፣ ንጹሕ ላ።
"እደውላለሁ፣ ኋላ።"
"ግድ የለም" አልኳት፤
ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንደ ቃኚ አዳመጥኩት፦
ግድ። የለም።
ግማሹ እውነት ነበር። ግማሹ ገና ትንሽ ይከርራል።

አካፋዬን ይዤ ደረጃውን ልጠርግ ወረድኩ።
ተራው የሄይኖ ነበር።